ከቴታ መሳቢያ የወጣችው ባለ ብዙ ጥርስ መሰኪያ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ደሞዝ ወይ ስለ ኮንትራት አይደለም። ስለ አንዲት የፕላስቲክ ዕቃ ነው። «ይቺ ደግሞ ምን ልትል ነው?» እንዳትሉኝ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። እናቴን ከሞተች በኋላ ያየኋት በዚያች ዕቃ ነው።

ቤሩት በገባሁ በአራተኛ ዓመቴ እናቴ አረፈች። መርዶውን የሰማሁት በስልክ ነው፣ እጄ ሳሙና እንደሆነ። ፓስፖርቴ ማዳም ጋ ነው፣ ኮንትራቴም አላለቀም፣ አልሄድኩም። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ይሄን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ አላብራራም።

እናቴ ፎቶ አትወድም ነበር። ለመታወቂያ የተነሳችው አንድ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው ያለን። ስትንቀሳቀስና ስትናገር የምትታየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በጥር 1992፣ በኛ አቆጣጠር፣ በታላቅ እህቴ ሰርግ ከደሴ የመጣ ቪዲዮ ቀራጭ የቀረጸው ካሴት። ያኔ ዴክ ተከራይተን ሁለት ጊዜ አየነው፣ ከዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ ገባ። እናቴ ስትሞት እህቴ «እዚህ ዴክ የሚባል ነገር ጠፍቷል፣ እዚያ የፈረንጅ ዕቃ ስለሆነ አይጠፋም» ብላ፣ ለእረፍት መጥታ ለምትመለስ ልጅ ካሴቱን ሰጥታ ላከችልኝ። ሻንጣዬ ውስጥ ከልብሴ ስር አስቀመጥኩት። አየዋለሁ፣ እዳስሰዋለሁ፣ ግን ማጫወቻ የለኝም። ከአንድ ዓመት በላይ እንዲሁ ቆየ።

እኔ የምንከባከባቸው ቴታን ነበር፣ የሚስተርን እናት። አንድ ቀን ማዳም የዕቃ ክፍሉን እንዳጸዳ አዘዘችኝና «ኩሎ ዝባሌ፣ ሁሉንም ጣይው» ብላ ወጣች። ካርቶኑን ስከፍት ከታች ዴክ አገኘሁ! ትልቅ፣ ጥቁር፣ አቧራ የለበሰ። ልቤ ቀጥ አለ። ለቴታ ሄጄ ነገርኳቸው። «ትልቁ ልጄ ነው ከፓሪስ ያመጣልኝ» አሉ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ብዙ ሊባኖሳዊ ወደ ፈረንሳይ ተሰዷል። እኛ ብቻ አይደለንም ልጅ ወደ ሰው አገር የምንልክ። ካሴቴን አሳየኋቸው፣ የእናቴ መሆኑን ነገርኳቸው። «አምጪው ያ ቢንቲ፣ ማዳም ሳትመጣ እንየው» አሉኝ።

ችግሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ዴኩን ገልብጬ ጀርባውን ሳየው ከቲቪ ጋር የሚገናኝበት እኔ የማውቀው ቀዳዳ የለውም። በቢጫ፣ በነጭና በቀይ ፈንታ ሰፊና ረዘም ያለ አንድ ጎኑ ሰያፍ የሆነ ቀዳዳ አለው። የሳሎኑ ጠፍጣፋ ቲቪ ደግሞ ያ ሰፊ ቀዳዳ የለውም፣ ያለው ሦስቱ ባለ ቀለም ቀዳዳዎች ናቸው። ቴታ ጣታቸውን ወደ መሳቢያው ቀስረው «ፔሪቴል! ፔሪቴሉ እዚያ አለ» አሉ።

መሳቢያውን ጎልጉዬ አወጣኋት። መዳፍ የምታክል ጥቁር ዕቃ ናት። ባንድ በኩል ሰፊ አፍ አላት፣ ዙሪያውን በቆርቆሮ የታጠረ፣ ውስጡ ጠፍጣፋ ጠፍጣፋ ጥርሶች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። አንዳንዱ ጥርስ ቦታው ባዶ ነው፣ የወለቀ መስሎኝ ነበር። በሌላው በኩል ሦስት ክብ ቀዳዳዎች፤ ቢጫ፣ ነጭ፣ ቀይ። ጎኗ ላይ ደግሞ በጥፍር የምትገፋ ትንሽ ማብሪያ የምትመስል ነገር አለች። ባንዱ ጫፍ «ኢን»፣ በሌላው «አውት» ይላል። መብራት የላትም፣ ባትሪ የላትም፣ ታዲያ የምን ማብሪያ ናት? ብዬ ግራ ገባኝ።

ሰፊውን አፍ ዴኩ ላይ ሰካሁ። ባለ ሦስት ራሱን ገመድ ቀለሙን እያየሁ ከቲቪው ጋር አገናኘሁ። ካሴቱን አስገባሁ፣ ዴኩ «ቅርርር» ብሎ ዋጠው፣ መዞር ጀመረ። ቲቪው ግን ጥቁር። ድምፅም የለም። ሪሞቱን ይዤ ሁሉንም ነካካሁ፣ ያልገባሁበት ማስተካከያ የለም። ምንም! ካሴቱ ከእርጅና ብዛት ጠፍቷል ብዬ ቁጭ ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

ቴታ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና «ያን ነገር እኮ የልጅ ልጄ ለጌም ነበር የሚጠቀምበት፣ በድሮው ቲቪ» አሉ። ይቺ ቃል አነቃችኝ። አሰብኩት። ልጁ ሲጫወት ሰፊው አፍ የተሰካው ቲቪው ላይ ነው፣ ምስሉ ከጌሙ ተነስቶ ወደ ቲቪው ይገባል። እኔ አሁን የሰካሁት ዴኩ ላይ ነው፣ ምስሉ ከዴኩ መውጣት አለበት። ያቺ ማብሪያ የመሰለችኝ ነገር ማብሪያ አይደለችም፣ የመንገድ አቅጣጫ ናት! ልጁ «ኢን» ላይ እንዳደረጋት ነበር የቀረችው። በጥፍሬ ወደ «አውት» ገፋኋት። ድምፁ ቀድሞ መጣ፣ ከበሮና እልልታ። ከዚያ ምስሉ።

የሆነውን ሳልጨርስ፣ ይቺ ዕቃ ምንድን ናት? ለምንስ ተሠራች? የሚለውን ላውራችሁ። ያን ጊዜ አላውቀውም ነበር፣ ከዚያ በኋላ ግን ማታ ማታ በስልኬ እየፈለግኩ አነበብኩ። ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ የክቦቹ ቀዳዳዎች ታሪክ። እነዚህ በጣም አሮጌ ናቸው። በ1930ዎቹ አር.ሲ.ኤ. የተባለው የአሜሪካ የሬዲዮ ኩባንያ የሸክላ ማጫወቻን ከሬዲዮ ጋር ለማገናኘት ያወጣው መሰኪያ ነው። ቴሌቪዥን ገና ቤት ሳይገባ ማለት ነው። ኋላ ላይ ቢጫው ለምስል፣ ነጩ ለግራ ድምፅ፣ ቀዩ ለቀኝ ድምፅ ሆነ። ዛሬም ብዙ ሪሲቨር ጀርባ ላይ የምናየው ያው የሸክላ ዘመን መሰኪያ ነው።

ሰፊው አፍ ደግሞ የፈረንሳይ ነው። በ1970ዎቹ የቪዲዮ ማጫወቻ ቤት ለቤት ሲገባ፣ ሁሉም ፋብሪካ የራሱን መሰኪያ ይሠራ ነበር። የአንዱ ዴክ ከሌላው ቲቪ ጋር አይገጥምም። የፈረንሳይ የሬዲዮና የቴሌቪዥን አምራቾች ማኅበር ለሁሉም የሚሆን አንድ መሰኪያ አወጣ። የማኅበሩ ስም ፊደላት ተሰብስበው «ስካርት» ተባለ። ፈረንሳዮች ራሳቸው ግን «ፔሪቴል» ነው የሚሉት። ቴታ ያሉት ስም ይሄው ነው፣ እሳቸው የፈረንሳይ ትምህርት ቤት ነው የተማሩት። ከ1980 ጀምሮ ፈረንሳይ ውስጥ የሚሸጥ አዲስ ቲቪ ሁሉ ይህ ቀዳዳ እንዲኖረው ግዴታ ተደረገ። ከዚያ አውሮፓን በሙሉ ያዘ።

ጥርሶቹ ሃያ ናቸው፣ ዙሪያውን ያጠረው ቆርቆሮ ሃያ አንደኛ ሆኖ ይቆጠራል። ለምን ይሄ ሁሉ? መግቢያና መውጫው በአንድ አፍ ስለተጠቃለለ ነው። በ19ኛው ጥርስ ምስል ይወጣል፣ በ20ኛው ምስል ይገባል። ድምፅ በ1ኛውና በ3ኛው ይወጣል፣ በ2ኛውና በ6ኛው ይገባል። 8ኛው ጥርስ ደግሞ ለቲቪው «ዴኩ ተነስቷል፣ ወደ እሱ ዙር» ብሎ ይነግረዋል፣ ቲቪው በራሱ ይዞራል። የቀሩት ቀለማቱን ለየብቻ የሚያሳልፉና ሌላ ሌላ ሥራ ያላቸው ናቸው።

እንግዲህ የኔ መሰኪያ የምትሠራው ይህንን ሰፊ አፍ ወደ ሦስት ክብ ቀዳዳ ማጥበብ ነው። ቢጫው ቀዳዳ አንድ፣ ጥርሶቹ ግን ሁለት፤ መውጫና መግቢያ። ባንዴ ከሁለቱም ጋር መገናኘት አይችልም። ስለዚህ ያቺ ትንሽ ገፊ ትመርጣለች። «አውት» ስትሏት ቢጫውን ከ19ኛው ታገናኛለች፣ «ኢን» ስትሏት ከ20ኛው። በቃ ይሄው ነው ሚስጥሩ። ባዶ የሆኑት የጥርስ ቦታዎችም የወለቁ አይደሉም። ለሦስት ቀዳዳ የማያስፈልግ ጥርስ ለምን ይገባል ብሎ ፋብሪካው ትቶት ነው። 8ኛው ጥርስም መልእክቱ በቢጫው ገመድ አያልፍም። ለዚህ ነው በሪሞት «ኤቪ» የሚለውን በእጃችን መምረጥ ያለብን።

ሰው የሚያደናግረው «ገባ፣ ወጣ» የሚለው ከማን አንጻር እንደሆነ ነው። መልሱ ቀላል ነው፤ ሁልጊዜ ሰፊው አፍ ከተሰካበት ዕቃ አንጻር ነው። ሰፊው አፍ ዴክ ወይም ሪሲቨር ላይ ከተሰካ «አውት»፣ ቲቪ ላይ ከተሰካ «ኢን»።

አሁን ወደ ሳሎኑ ልመለስ። ምስሉ መጣ አልኳችሁ፣ ግን ጥቁርና ነጭ ሆኖ! ሰርጉ በቀለም ነበር የተቀረጸው፣ በደንብ አስታውሳለሁ። ሙሽራዋም ድንኳኑም ግራጫ ሆኑብኝ።

ይሄኛው ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ዓለም በቀለም ቴሌቪዥን ላይ አልተስማማም። አሜሪካ በ1953 የራሷን ስልት አወጣች። አውሮፓ የአሜሪካውን አልወደደም፣ ግን እርስ በርሱም አልተስማማም። በ1967 ጀርመን በመሐንዲሱ ቫልተር ብሩኽ የተሠራውን «ፓል» የሚባለውን ጀመረች። በዚያው ዓመት ፈረንሳይ በአንሪ ደ ፍራንስ የተሠራውን «ሴካም» ጀመረች። ነገሩ የመሐንዲሶች ብቻ አልነበረም፣ ፖለቲካም ነበር። ፈረንሳይ በ1965 ከሶቪየት ኅብረት ጋር በሴካም ተስማምታ ስለነበር ምሥራቁ ወደዚያ ሄደ። ጀርመን ራሷ ለሁለት ተከፍላ ምዕራቡ ፓል፣ ምሥራቁ ሴካም ሆነ።

እህቶቼ፣ ያላችሁባቸው አገሮችም እንዲሁ ተከፋፍለው ነበር። ሊባኖስ፣ ሳዑዲ፣ ግብፅና ኢራቅ በሴካም ጀመሩ። ኩዌት፣ ኢምሬትስ፣ ኳታር፣ ባሕሬን፣ ኦማንና ዮርዳኖስ ፓል ያዙ። ኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የጀመረችው በ1964 በንጉሡ ዘመን በጥቁርና ነጭ ነው። ቀለም የገባው በ1984፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር ነው፣ ስልቱም ፓል ነው። ጎረቤታችን ጅቡቲ ደግሞ ፈረንሳይ ስለገዛቻት ሴካም ነበረች። አንድ ድንበር ተሻግሮ ቀለሙ ይጠፋል ማለት ነው።

ለምን ምስሉ አይጠፋም፣ ቀለሙ ብቻ? ምክንያቱም ፓልም ሴካምም ምስሉን የሚሠሩት አንድ ዓይነት በሆነ 625 መስመር፣ በሴኮንድ 25 ምስል ነው። የሚለያዩት ቀለሙን ከላዩ ላይ በሚጭኑበት መንገድ ነው። ስለዚህ ቲቪው ሴካምን እየጠበቀ ፓል ቢመጣበት፣ ምስሉን ያነበዋል፣ ቀለሙን ግን አይረዳውም። ልክ እኛ መጀመሪያ እዚህ ስንመጣ፣ የማዳምን ፊት እያየን መቆጣቷን እንረዳለን፣ ምን እንዳለች ግን አይገባንም እንደነበረው።

ያን ቀን ግን ይሄን ሁሉ አላውቅም። የማውቀው ሁሉንም ማስተካከያ የነካካሁት እኔ ራሴ መሆኔን ነው። ስለዚህ መልሼ አንድ በአንድ ገባሁ። የቀለም ስልት የሚል ቦታ ላይ «ሴካም» ሆኖ አገኘሁት፣ እኔው ነኝ የቀየርኩት። «ፓል» አደረግኩት።

ምን ልበላችሁ? ድንኳኑ ሰማያዊ ሆነ። ሙሽራዋ ነጭ ሆነች። ከሙሽራዋ ኋላ እናቴ ሳህን ይዛ ስታልፍ አየኋት፣ የነጠላዋ ጥለት አረንጓዴ። ያን ጥለት ረስቼው ነበር! ቪዲዮ ቀራጩ «እማማ ወደዚህ ይዩ» ሲላት አፏን በነጠላዋ ሸፍና «እኔን ምን ታደርገኛለህ፣ ሙሽራዋን አንሳ» አለችው። ድምጿ ያው ድምጿ ነው። መልሼ መልሼ አየኋት። ቴታ አማርኛ አይሰሙም፣ ግን እጄን ይዘው አብረውኝ አለቀሱ። ከዚያ እሳቸውም ከካርቶኑ ሌላ ካሴት አስወጡኝ፣ የልጆቻቸው ልደት ነው፣ ባለቤታቸው በሕይወት እያሉ። የሳቸው ሴካም ነበር፣ ማስተካከያውን መለስኩላቸው። ማዳም ስትመጣ ሁለታችንም ዓይናችን አብጦ ነው ያገኘችን። ቴታ «ይሄ ዴክ አይጣልም» አሉ፣ አልተጣለም።

በኋላ እሑድ እረፍት ሳገኝ ዶራ አንድ ፎቶ ቤት ካሴቱን ወደ ፍላሽ አስገለበጥኩት። ለእህቴም ላክሁላት። ዛሬ የእናቴ ድምፅ ስልኬ ውስጥ አለ።

ይሄን የጻፍኩት ለምን መሰላችሁ? ከኛ በፊት የተሰደዱት እህቶች ደብዳቤያቸውን በቴፕ ካሴት ድምፃቸውን ቀርጸው ይልኩ ነበር። ሰርጉ፣ ምርቃቱ በዴክ ካሴት ነው ያለው። ያ ሁሉ ዛሬ በየቁም ሳጥኑ ተቀምጧል። ዴኩ ግን እየጠፋ ነው፤ በ1976 ጃፓን ውስጥ የተጀመረው የቪ.ኤች.ኤስ. ዘመን አብቅቶ፣ በመጨረሻ ዴክ ይሠራ የነበረው የጃፓኑ ፉናይ በሐምሌ 2016 ማምረቱን አቁሟል። ካሴቱም ዝም ብሎ አይጠብቀንም፣ ዓመት በሄደ ቁጥር ምስሉ እየደከመ ነው የሚሄደው፣ ሙቀትና እርጥበት ደግሞ ያፋጥነዋል።

ስለዚህ ልብ በሉ፦

1. እንዲህ ያለች መሰኪያ ስትገዙ ገፊ ያላትን ምረጡ። ገፊ የሌላት ባንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የምትሠራው፣ የማይሆናችሁን ገዝታችሁ «ተበላሽቷል» ትላላችሁ።

2. ምስል እምቢ ካለ መጀመሪያ ገፊዋን ወደ ሌላው ጎን ግፏት። ጥቁርና ነጭ ከሆነ ደግሞ የቲቪውን የቀለም ስልት እዩ።

3. አዲሱ ቲቪ ኤች.ዲ.ኤም.አይ. ብቻ ካለው ተራ ገመድ አይበቃም። የኔዋ መሰኪያ መንገድ መሪ እንጂ አስተርጓሚ አይደለችም። የድሮውን ምስል ወደ አዲሱ ለመቀየር አስተርጓሚ ያስፈልጋል፣ እሱም መብራት የሚሰካ ትንሽ ሳጥን ነው። ባለ ሦስት ራስ ሆኖ ባንድ ጫፉ ኤች.ዲ.ኤም.አይ. ያለው ተራ ገመድ ገዝታችሁ ገንዘባችሁን አትጨርሱ።

4. ካሴት ካላችሁ ዴክ እስካለ ድረስ ወደ ፍላሽ አስገልብጡ። አንዱን ቅጂ ለራሳችሁ፣ አንዱን ለቤተሰብ።

እኔ ያቺን መሰኪያ ይዣት ነው የወጣሁት። የመጨረሻ ቀኔ ላይ ቴታ ራሳቸው ሻንጣዬ ውስጥ ከተቱልኝ። አገሬ ገብቼ የጎረቤት ልጆች «ይሄ ምንድን ነው?» ሲሉኝ አውርቼ አልጠግብም።

እናንተስ እህቶቼ፣ ቤታችሁ ውስጥ ማን ያለበት ካሴት ነው የቀረው? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ዴክ ያለው ሰው የምታውቁም ካላችሁ ለሌሎቹ ጠቁሙ። ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉ ደግሞ ዛሬ ደውሉና ድምፃቸውን ቅረጹት። እኔ በዚህ ብቻ ነው የሚቆጨኝ።

ቸር ያሰማን።